እርካብ የሌለው ወንበር

እሳቱን አትቆስቁሱት፤ ይበቃዋል። ለዚህ ወሬ ብዙ ብርሃን አያስፈልግም። ቀረብ ቀረብ በሉ። አንተ፣ ዳር የተቀመጥኸው፣ ወደ ውስጥ ግባ፤ ጀርባህን ለጨለማ አትስጥ። ሁላችሁም አላችሁ? የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ። ኋላ "ሸኙኝ" ቢለኝ እኔ የለሁበትም።

ጊዜው ድሮ ነው። አገሩን አልነግራችሁም፤ ከመካከላችሁ ዘመድ ያለው አይጠፋም። ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነው፤ ከብት ገብቶ፣ በር ተቀርቅሮ፣ ውሻ እንኳ ለመጮኽ የሚያመነታበት ሰዓት። መንገዱ ከመንደሩ ይወጣል፣ በማሽላው ማሳ ዳር ያልፋል፣ ቁልቁል ወደ ጫካው ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ቤት የለም። ጭስ የለም። ሰው የለም። መንገዱ የሚያልቀው ሆራው ዘንድ ነው፤ ከብትም አውሬም እየመጣ የሚልሰው ጨዋማ ውሃ። በሆራው አፋፍ አንድ ዝግባ ቆሟል። አንድ ብቻ። ቀጥ ያለ፣ ግንዱ ለስላሳ፣ እስከ ላይ ድረስ ቅርንጫፍ የሌለው። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም።

በዚያ አገር አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር። ምን ጎደለው? ሚስት አለው። በሬ አለው። ጠመንጃ አለው። ግዳይ ግን የለውም! በዚያ አገር አውሬ ያልጣለ ወንድ ሰርግ ቤት ሲገባ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሌላው ሲፎክር እሱ አቀርቅሮ ጠላውን ያያል። ጎሽ የገደለ ግን የጎሹን ጭራ ይዞ ሲመጣ ሴቱ በእልልታ ይቀበለዋል፤ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል፤ ቅቤው በግንባሩ ሲወርድ አይጠርገውም። አንዳርጌ ያንን ቅቤ ተመኘ። ቀን ተመኘ፣ ሌት ተመኘ። ምኞት መጥፎ ነው አልልም። ምኞቱ ሌላውን ሁሉ በላበት እንጂ።

የሚስቱ ወንድም ስሜነህ ይባላል። ጎጆ ያልቀለሰ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ማር እየቆረጠ ከወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚዞር ሰው ነው። ሲጠፋ "የት ሄደ?" የሚለው የለም፤ ሲመጣ "መጣህ?" ይሉታል፣ በቃ። እጁ ግን! እንደሱ የዛፍ መውጫ የሚሠራ አልነበረም።

መውጫው ሁለት ነው። ከላይ ወንበር፣ ከታች እርካብ። ወንበሩም እርካቡም በየራሳቸው ጠፍር ግንዱን ይታጠቃሉ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ትልና እርካቡን በእግርህ አንጠልጥለህ ታወጣዋለህ፤ ሸርተት። ስትረግጠው ጠፍሩ ግንዱን ይነክሳል፤ ጠቅ። ትቆምና ወንበሩን በእጅህ ታወጣዋለህ፤ ሸርተት። ትቀመጥበታለህ፤ ጠቅ። ሸርተት፣ ጠቅ። ሸርተት፣ ጠቅ። እንዲህ እያልህ ዝግባውን ትወጣዋለህ። ዛፍ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል አይደል? ስለዚህ ጠፍሩ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ ሲላላ መቀርቀሪያውን ትነቅልና ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ታሳልፈዋለህ። ወንበሩንና እርካቡን ደግሞ አንድ ገመድ ያያይዛቸዋል። እርካቡ ቢከዳህ ገመዱ ይይዝልሃል።

"ጠፍር ሁለት ጠላት አለው" ይል ነበር ስሜነህ። "ጤዛና ቅቤ። ጤዛ ያላላዋል፤ ቅቤ ያስከዳዋል። ሌላውን ቆዳ ቅቤ ቀቡት፤ ይህን ግን እንዳትነኩብኝ!"

እህቱ ያምሮት ከልጅነቷ ጀምሮ አብራው ጠፍር ስትገምድ ይህን ትሰማ ነበር። ባሏ አንዳርጌም ሰምቷል። ግን በአንድ ጆሮው ነው። እሱ የሚያስበው ስለ ጭራው ነው።

አንድ ቀን አማቾቹ ለአደን ወጡ። ለማን ተናገሩ? ለማንም። አደን ሲኬድ አይነገርም። "ወዴት ነው?" የተባለ አዳኝ ባዶ እጁን ይመለሳል ይባላል፤ ስለዚህ በጓሮ ወጡ፤ በጫካው አፍ ተገናኙ። ሚስትየዋም አላወቀች፣ ጎረቤትም አላወቀ። ይህን ያዙልኝ።

ስሜነህ ዝግባው ላይ ወጣ። ጠመንጃውን በገመድ ጎትቶ አወጣ። ኋላ ነፋሱ ዞረ፤ ጠረኑ ወደ ሆራው እንዳይወርድ ብሎ ጨመር አድርጎ ወደ ላይ ከፍ አለ፤ ጠፍሩንም አጠበበ። አንዳርጌ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ተጋደመ። ደንባቸው የአገሩ ደንብ ነው፤ ቀድሞ ደም ያፈሰሰ ግዳዩ የሱ ነው።

ጎሹ መጣ። የመጣው በአንዳርጌ በኩል ነው። ይህን ያህል ቀረበው፤ ትንፋሹ ይሰማዋል። አንዳርጌ አነጣጠረ። ጣቱ ግን እምቢ አለ። ጎሹ አለፈው፣ ወደ ሆራው ወረደ፣ መላስ ጀመረ። ከዝግባው ላይ አንድ ተኩስ ተሰማ። ጎሹ በጉልበቱ ወደቀ።

"አንዳርጌ! ወንድሜ! ጣልነው!" አለ ስሜነህ ከላይ።

"ጣልነው" ነው ያለው። እሱ እንደዚህ ያለ ሰው ነበር። አንዳርጌ ግን "ጣልኩት" የተባለ መሰለው፤ ደሙ ፈላ። "ይኸው ነገ ደግሞ ይኼ ቤት የለሽ ማር ቆራጭ መሐል ቤት ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ!" አለ በልቡ።

ስሜነህ ጠመንጃውን ወደ ታች ላከ። ገመዱ አጠረ። ምን አደረገ? ወንበሩንና እርካቡን የሚያያይዘውን ገመድ ፈታና ቀጠለበት። "ሞኝ!" ትሉኝ ይሆናል። ሞኝ አልነበረም። ከታች የእህቱ ባል አለ ብሎ ነው። ሰው በሰው ካልታመነ በምን ይታመናል? አንዳርጌ ጠመንጃውን ተቀበለ፣ ገመዱንም ስቦ አወረደው።

ስሜነህ የእርካቡን መቀርቀሪያ ወደ ሰፊው ቀዳዳ መልሶ መውረድ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ጤዛ የጠጣ ጠፍር ላልቷል። እርካቡን ረገጠ፤ እርካቡ ከእግሩ ሥር አመለጠ፤ ሸርተት አለ፤ ሸርተት፣ ሸርተት፤ ከግንዱ ሥር ዱብ አለ። ስሜነህ ወንበሩ ላይ ቀረ። እግሩ አየር ላይ።

"አንዳርጌ" አለ እየሳቀ፤ "እርካቤ ጥሎኝ ወረደ። ገመዱን ከእርካቡ እሰርና ጫፉን በድንጋይ ወርውርልኝ።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ጭራውን ልቁረጥ።"

"ቁረጠው፤ አንተ ያዘው። ብቻ ቶሎ በል፤ ወገቤን አመመኝ።"

አንዳርጌ ጭራውን ቆረጠ። ቀና ብሎ አየ። የስሜነህን ፊት አላየም፤ ጨለማ ነው። ያየው ሁለት እግር ነው። ሁለቱ እግሮች የሚረግጡት ፈልገው ግንዱን ያዳብሳሉ።

"አንዳርጌ፣ እግሬን የት ላሳርፍ?"

አንዳርጌ የስሜነህን ጠመንጃ ሆራው ውስጥ ጣለው። ገመዱን ጠቀለለ። እርካቡን በብብቱ ያዘ። ለምን ያዘው? ሰው እንዳያየው ነው። ደግሞም ጥሩ የወይራ እንጨት ነው፤ መጣሉ አሳዘነው። አማቹን መጣሉ ሳያሳዝነው እንጨቱ አሳዘነው! እንዲህ ያለም ሰው አለ። ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

"አንዳርጌ! የት ነህ? እግሬን የት ላሳርፍ?"

እየፎከረ መንደር ገባ። እልል ተባለ። አናቱ ላይ ቅቤ ተደረገ። ሥጋው የት አለ ሲሉት፣ "ሴቷ ጎሽ ሬሳው ላይ ቆማለች፤ የቀረባትን ሁሉ ትወጋለች። ወደ ሆራው ማንም እንዳይወርድ!" አለ። ማን ይወርዳል? ኋላ ያምሮት ስሜነህስ ስትለው፣ "ከወንዝ ማዶ ተሻግሯል" አለ። ማን ይጠራጠራል?

ሌሊት ያምሮት ቀና አለች።

"ኧረ ይስሙ፤ ከወደ ቆላው ሰው ይጮኻል።"

"ጉጉት ነው" አለ አንዳርጌ።

"ጉጉት እንዲህ አይልም፤ ሰው ነው።"

"ጉጉት ነው አልሁሽ! ተኚ።"

በማግስቱም ተጮኸ። በሦስተኛውም። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፤ አንድ ሌሊት ጠፋ። ያን ሌሊት አንዳርጌ ደህና እንቅልፍ ተኛ። ያምሮት ግን አልተኛችም። ጉጉቱ ዝም ሲል ለምን እንዳለቀሰች ራሷም አላወቀችም።

ክረምት አለፈ፣ በጋ ገባ። ያምሮት ዘር ልታወርድ ቆጥ ላይ ስትወጣ ከአሮጌ ስልቻ ሥር እርካብ አገኘች። ገለበጠችው። ከጠፍሩ ሥር የዓሣ አጥንት የመሰለ ምልክት ተቀርጿል። ወንድሟ በሠራው ሁሉ ላይ የሚቀርጸው ምልክት ነው። አንድ ቀን እንጨት ለቀማ ብላ ወደ ሆራው ወረደች። ዝግባውን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ሥሩን አየች። ያገኘችውን በነጠላዋ ለቅማ፣ በእጇ ጉድጓድ ምሳ፣ እዚያው ቀበረችው። ቤቷ ገብታ እራት አቀረበች።

ለምን አልጮኸችም? ለማን ትጩኽ? እሱ ገዳይ ነው፣ ቅቤ የተቀባ። እሷ ሴት ናት፣ በእጇ ያለው አንድ ቁራጭ እንጨት። ዝም አለች። ዝምታዋን ግን አንጀቷ ውስጥ አስቀመጠችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንግዲህ ማሽላው በደረሰበት ወራት አንድ ኮርማ ጎሽ ማሳውን ይረመርም ጀመር። ሽማግሌዎች ወደ አንዳርጌ ቤት መጡ። ፊተኛው አያ ምንይችል ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ስንት አውሬ የጣሉ፣ ዓይናቸው የማይስት ሰው።

"አንዳርጌ" አሉ፤ "አገር ገዳይ ብሎሃል። ጎሹ ማታ ማታ ከሆራው ነው የሚነሣው። ውጣና ጣልልን።"

"ጊዜው አሁን አይደለም፣ አያ። ደግሞም መውጫ የለኝም።"

አያ ምንይችል አተኩረው አዩት። "እኔ አንተን ሚዳቋ ስትስት አይቼሃለሁ። ጎሹን እንዴት እንደመታኸው አንድ ቀን እጠይቅሃለሁ እያልሁ ነው የከረምሁት።"

አንዳርጌ ላቡ መጣ። ቅቤው ከአናቱ ሲጠረግ ታየው፤ በሩ አጠገብ ይቀመጥባት የነበረችው ድንጋይ ታየችው። እምቢ ቢል ስሙ ሞተ። እሺ ቢል ዝግባው አለ።

ያኔ ያምሮት ከጓዳ ወጣች። በሁለት እጇ እርካቡን ይዛለች።

"መውጫ አለዎት እንጂ" አለች። "ቆጥ ላይ ደርቆ አገኘሁት። ጠፍሩ እንዳይሰበር ብዬ በቅቤ አሽቼዋለሁ። ከራስዎ ቅቤ የተረፈ ነው።"

አንዳርጌ ዓይኗን አየ። ዓይኗ ውስጥ ምንም የለም። ሽማግሌዎቹ "እሰይ! ሚስት ማለት ይህች ናት!" አሉ። ምን ይበል? ተቀበላት። ወንበር አሠራ፣ በአዲስ ጠፍር። የስሜነህ ምክር? በዚያኛው ጆሮው ከወጣ ቆይቷል።

ብቻውን ሄደ። ሰው እንጨምርልህ ቢሉት እምቢ አለ፤ ከዝግባው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ቢኖር ማንም እንዳያይ። ሲመሽ ሆራው ደረሰ። ሥሩን አየ፤ አጥንት የለም። "ጅብ ጨርሶታል፤ እሰይ" አለ። ወንበሩን አሰረ፣ እርካቡን አሰረ፣ ማያያዣውን ገመድ ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ቋጠረ። ሸርተት፣ ጠቅ። ሸርተት፣ ጠቅ። እርካቡ አንዳንዴ ያዳልጠዋል። ቆም ይልና መቀርቀሪያውን ያጠብቃል። ጠመንጃው ጀርባው ላይ ነው። ወጣ፣ ወጣ፣ ጨለመ።

ቀና ሲል ከራሱ በላይ አንድ ነገር አየ። ወንበር ነው። አሮጌ ወንበር፣ ዝግባውን እንደታጠቀ የቀረ። ባዶ። አንዳርጌ እዚያው ቆመ፣ ተቀመጠ። ባዶ ወንበር ምን ያደርጋል? ምንም አያደርግም።

ጨለማው ጠነከረ። ጎሽ አልመጣም። ቢራቢሮ እንኳ አልመጣም።

ሸርተት። ጠቅ።

የቅርፊት ብናኝ አንገቱ ላይ ወረደ። ቀና አለ። አሮጌው ወንበር ቀረብ ብሏል። "ነፋስ ነው" አለ። ነፋስ ነበር? ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።

ሸርተት። ጠቅ።

አሁን እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ እርካብ የሌለው ወንበር እንዴት ይወርዳል? የሚቆሙበት ሳይኖር ማን ነው ወንበሩን አንሥቶ የሚያወርደው? አንዳርጌም ይህንኑ አሰበ። ጸሎት ሊጀምር ፈለገ፤ የመጀመሪያው ቃል ጠፋበት።

ሸርተት።

"ጠቅ" አላለም። አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አረፈ። ቅቤ በሚደረግበት ቦታ፣ ልክ እዚያው። እግር ነው። ያዳብሳል። አናቱን ትቶ ወደ ግራ ትከሻው ወረደ። ሌላኛው እግር ደግሞ መጣና በቀኝ ትከሻው ቆመ።

"አንዳርጌ" አለ ድምፁ፤ ቀስ ብሎ፣ በፍቅር። "ወንድሜ። እግሬን የት ላሳርፍ እያልሁ ስጣራ ነበር እኮ።"

አንዳርጌ ግንዱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

"ጠመንጃው ከብዶሃል። ላውርድልህ።"

ጠመንጃው ከጀርባው ተነሣ። ሲነሣ ይሰማዋል። "ገመድ አጠረኝ" አለ ድምፁ፤ ጥርቅም ተደርጎ የተቋጠረው ማያያዣ ከወንበሩና ከእርካቡ መካከል በራሱ ተፈታ፤ እንደ እባብ ወደ ላይ ተሳበ። ከዚያ ጠመንጃው በፊቱ አልፎ ወረደ፤ በዝግታ፣ ግንዱን ሳይነካ፤ መሬት ላይ አረፈ። ገመዱም ተከትሎት ወደቀ።

"እባክህ ስሜነህ፣ ማረኝ! በእህትህ ይዤሃለሁ!" አለ አንዳርጌ።

"እህቴማ ቅቤ ቀብታልሃለች" አለ ድምፁ።

እግሮቹ ከበዱ። የሰው ክብደት ሆኑ። የሁለት ሰው ሆኑ። ጠፍሩ ተጨመቀ፤ ወደ ቆዳው የገባው ቅቤ ሁሉ ላብ ሆኖ ወጣ። እርካቡ አመለጠ። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ሸርተት፤ ዱብ!

ወንበሩ ግን ያዘ። አዲስ ጠፍር ነው፣ ቅቤ አልነካውም። አንዳርጌ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ እግሩ አየር ላይ፣ በትከሻው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሞ። ወድቆ እንዳይሞት ወንበሩ ይዞታል። ወርዶ እንዳይድን የሚረግጠው የለም። ጮኸ። እንዲህ አድርጎ ጮኸ፦

"ድረሱልኝ! እግሬን የት ላሳርፍ?"

ያን ሌሊት ጎረቤቷ ጣይቱ ያምሮት ዘንድ ልታድር መጥታ ነበር፤ ባሏ አደን ሄዷል፣ ብቻዋን አትደር ብላ። ጣይቱ ቀና አለች።

"ያምሮት! ያምሮት! ከወደ ቆላው ሰው ይጮኻል።"

ያምሮት ነቅታ ነበር። ገና ከማምሻው ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም።

"ጉጉት ነው" አለች።

"ኧረ ስሚ፤ የሰው ድምፅ ነው!"

ያምሮት ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች፤ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ጉጉት ነው አልሁሽ። ተኚ።"

በማግስቱም ተጮኸ። በሦስተኛውም። ለጠየቋት ሁሉ "ገዳይ ሰው ነው፤ የጎሹን ጭራ ሳይዝ አይመለስም፤ መንገዱን አታበላሹበት" አለቻቸው። አያ ምንይችል ወደ ቆላው ጆሯቸውን አቀኑ፣ ያምሮትን አዩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ድምፁ ቀጠነ። ቀጠነ። ጠፋ። ያን ሌሊት ያምሮት ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ወሬው ይኸው ነው፤ እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ፣ እናንተ እንቅልፋችሁን ስጡኝ። ብቻችሁን ጫካ አትሂዱ። ከሄዳችሁም ያስቀራችሁት ሰው አይኑራችሁ። ምክንያቱም አሁን ሁለቱም ከዛፉ ወርደዋል ይባላል። አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ እንደቆመ፣ ሌሊት ሌሊት እየዞሩ፣ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ይፈልጋሉ። ላይኛው ማረፊያ አግኝቷል። ታችኛው ገና አላገኘም። ሲመጡ ሰው አያያቸውም። ትከሻ ቀዝቀዝ ይላል። ከዚያ ከበድ ይላል። ከዚያ...

አንተ! ዳር የተቀመጥኸው! ግባ አላልሁህም? ትከሻህ ላይ የቆመው ማን ነው?!